የማሽኑ መነጽር

አባታችን ሲሞት ለወንድሜና ለእኔ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ተወልን፤ ከሥራ ቤቱ ጋር ደግሞ ጋሼን። ጋሼ የአባታችን የሥራ ባልደረባ ነበሩ። ቤቱን ከሀና ማርያም ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አካባቢው ገና የገብስ ማሳ ሳለ፣ ሁለቱ ሆነው ቆርቆሮውን መትተው፣ መብራት አስገብተው ከፈቱት። አባቴ ይበይዳል፣ ጋሼ ይቆርጣሉ፣ ይበሳሉ። እኔን በልጅነቴ ክረምት በመጣ ቁጥር በትከሻቸው ተሸክመው ወንዙን የሚያሻግሩኝ እሳቸው ነበሩ። አባቴ ካረፈ በኋላ ለጋብቻዬ የመጡትን ሽማግሌዎች በአባቴ ወንበር ተቀምጠው የተቀበሉትም እሳቸው ናቸው። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ከዚህ በኋላ የምተርከው ጅልነት ሁሉ ከክፋት ያልመጣ መሆኑ እንዲታወቅልኝ ነው።

ችግሩ የጋሼ ዓይን ነበር።

ብረት የሚበሳው ፑንታ ሲደነዝዝ በሞተር በሚሽከረከር ድንጋይ ላይ ይሳላል። ጫፉ ላይ ሁለት ከንፈር አለው። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ አንዱ ብቻ ይቆርጣል፣ ሌላው ያጅባል፤ ቀዳዳውም ወደ ጎን እየሰፋ ይሄዳል። በእጅ ሲሳል ይህን እኩልነት የሚፈርደው የሚስለው ሰው ዓይን ብቻ ነው። ጋሼ በዚህ ሙያ የታወቁ፣ መታወቃቸውንም ከማንም የማይደብቁ ሰው ነበሩ። ከብስራተ ገብርኤል ድረስ ፑንታ በጨርቅ ቋጥረው የሚመጡ ብረት ሠሪዎች ነበሩ። ጋሼ አንዱን አንስተው ካገላበጡ በኋላ፣ ይህን የሳለው በምኑ ነው፣ በጥርሱ ነው ወይ ብለው ሳይሳደቡ አይስሉላቸውም። ሰዎቹም ስድቡን የአገልግሎቱ ክፍል አድርገው ይቀበሉት ነበር።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ግን ቀዳዳዎቻችን መስፋት ጀመሩ። ማጠፊያው ይላወሳል፣ መቀርቀሪያው ቀዳዳውን ይስታል። አዲስ ቤት የሠራ አንድ የፉሪ ገበሬ በር አሠርቶን ከወሰደ በኋላ ተመልሶ መጣ። በሩ እጅግ እንደሚያምር ነገረን። ጎረቤቶቹ ሁሉ እንዳደነቁለት ነገረን። ወንበር ስበንለት ተቀምጦ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ ተጫውቶ፣ ሊሄድ ከተነሣ በኋላ፣ አይዘጋም እንጂ አለ። ይህን ሲል ጋሼ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ከእኛ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ሰው እንኳ በሩ ሳይዘጋ ማደሩን ጋሼን ከማስቀየም መርጦት ነበር።

ሰው ዓይኑ ሲደክም መነጽር ያደርጋል። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ጣጣው ማን ይንገራቸው የሚለው ነው። ከዚያ ቀደም አንድ ደንበኛ በቅን ልቦና፣ ጋሼ እስቲ ትንሽ አረፍ ይበሉ፣ ለወጣቶቹ ይተዉላቸው ቢላቸው፣ መብሻውን ትራፓኖ አጥፍተው፣ ቱታቸውን አውልቀው ምስማሩ ላይ ሰቀሉና ቤታቸው ገቡ። ሽማግሌ ልከን፣ ሰውየውን ራሱን ይቅርታ አስጠይቀን ነው የመለስናቸው። እንግዲህ ያ ለአንድ አረፍ ይበሉ ነው። ዓይንዎ ደክሟል የተባሉ ዕለት ቱታው ከምስማሩ ተመልሶ እንደማይወርድ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው የየራሳቸውን ጎጆ ይዘዋል። ቤት የሚጠብቃቸው አንድ ሬዲዮ ነው፤ እሱንም ሲሰድቡት ይውላሉ እንጂ አይወዱትም። እሳቸው ከሥራ ቤቱ ከወጡ ምን እንደሚሆኑ ማሰብ ያስፈራኝ ነበር።

ስለዚህ ዓይን የሚለውን ቃል ከሥራ ቤታችን አስወጣነው። እስቲ ሞክሩት፤ አማርኛ ያለ ዓይን አንድ እርምጃ አይሄድም። ወንድሜ ስለ አንድ ነጋዴ እያወራ ዓይን ያወጣ ሌባ ሊል ይጀምርና፣ ጋሼ አጠገቡ መሆናቸው ትዝ ሲለው ጆሮ ያወጣ ሌባ ብሎት ያርፋል። እኔ ልጄን የዓይኔ አበባ ማለት ተውኩ። እናቴ ምሳ ይዛልን ስትመጣ ሁልጊዜ የምትመርቀን ከክፉ ዓይን ያውጣችሁ ብላ ነበር፤ ያን ሰሞን ምርቃቱ መሐል ላይ ስትደርስ እየተደናቀፈች ከክፉ ጎረቤት ያውጣችሁ ማለት ጀመረች፤ ጎረቤታችን ያሉት ጎሚስታ ሰምተው ተቀየሙ። እንተያይ ብሎ የሚሰናበት ደንበኛ ሁሉ ያስደነግጠኝ ነበር። በመጨረሻ ጋሼ ራሳቸው፣ እናንተ ልጆች ምን ነክቷችኋል፣ ምላሳችሁ ይተሳሰራል፣ ሐኪም ቤት ሂዱ አሉን።

ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ግምገማ ላይ ነበር። ወንድሜ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣና ስብሰባ ሲባል ምግብ የሚተው ሰው ስለሆነ፣ ቀዳዳዎቹ የሚሰፉበት ምክንያት ይገምገም አለ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማሽኖቹን አጥፍተን፣ ሠራተኛው በሙሉ ላሜራ ላይ ተቀምጦ ገመገምን። መጀመሪያ ብረቱ ተገመገመ፤ የባሕርይ ጉድለት ተገኘበት። ቀጥሎ መብራት ተገመገመ፤ ይዋዥቃል ተባለ። ከዚያ ፑንታዎቹ ተራቸው ደረሰና ጋሼ እጃቸውን አውጥተው፣ የዘንድሮ ፑንታ ቅቤ ነው፣ ቅቤ ደግሞ አይሳልም ብለው አስተያየት ሰጡ። ሁላችንም አጨበጨብን። ፑንታው ተነሥቶ ግለ ሂስ ማድረግ ብቻ ነበር የቀረው። ለሁሉም ነገር ጥፋት ስንፈልግ ውለን፣ አንዱን ጥፋተኛ ላለማየት ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን ተለያየን።

የውሳኔ ሐሳቡን ያቀረበው ወንድሜ ነው፤ የፑንታ መሳያ ማሽን ይገዛ። ዓይን የማይፈልግ ማሽን ለማለት ፈልጎ፣ ዘመናዊ አለው። ጋሼም ግዙ አሉ፤ ድንጋዬን እንዳትነኩብኝ እንጂ የፈለጋችሁትን ግዙ። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝምና ወንድሜን ወደ ጓሮ ጠርቼ፣ ለአንድ መነጽር ብለን ማሽን ልንገዛ ነው ወይ ብዬ ጮኽኩበት። እንግዲያው አንቺ ንገሪያቸዋ አለኝ። እነግራቸዋለሁ ብዬ እየተንደረደርኩ ሄድኩ። አጠገባቸው ቆምኩ። ስለ ጉልበታቸው ሕመም ጠየቅኳቸውና ተመለስኩ።

ማሽን ምርጫው ተጀመረ። ወንድሜ መመዘኛ አወጣ፤ ትንሹንም ትልቁንም ፑንታ የሚይዝ፣ የጫፉን አንግል የሚጠብቅ፣ ድንጋዩ ቶሎ የማያልቅ፣ መለዋወጫ የሚገኝለት። እኔ መመዘኛዬ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ጮክ ብዬ መናገር አልችልም።

የመጀመሪያውን ማሽን ያየነው መርካቶ፣ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት በኩል ነው። ጣሊያን ሠራሽ፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ፣ አንድ ሚኒባስ የሚያክል ነገር ነው። ሻጩ በመዳፉ መታ መታ እያደረገ፣ ይህ ብረት የዛሬ ብረት አይደለም ይለናል። ይሠራል ወይ ስንለው፣ የዛሬ ብረት አይደለም ይለናል። እንዲሠራ የሦስት ፌዝ መብራት ይፈልጋል፤ እንዲቀመጥ ደግሞ የእኛን ሥራ ቤት ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ይፈልጋል። ወንድሜ እንኳ ጥቂት ካሰበ በኋላ ይቅርብን አለ።

ሁለተኛው ደግሞ በእጅ የሚያዝ፣ የፕላስቲክ፣ እንደ እርሳስ መቅረጫ ፑንታውን ቀዳዳው ውስጥ የሚከቱበት ነበር። ሻጯ ልጅ ጨዋ ነበረች። ሠርቶ እንዲታይልን ጠየቅናት። ከማሸጊያው አዲስ ፑንታ አወጣች፣ ማሽኑ ውስጥ ከተተች፣ ጥቂት አንጫጫችው፣ አወጣችውና እንዴት እንደተሳለ አሳየችን። በእርግጥም አዲስ ፑንታ ይመስላል። ወንድሜ በጣም ወደደው። አዲስ የነበረውን ነው እኮ አዲስ ያደረገችው ብዬ ክንዱን ይዤ አወጣሁት።

በዚህ መሐል እናቴ ነገሩ እየረዘመ መሄዱ ስላሳሰባት ሀና ማርያም ሄዳ ተሳለች። ጋሼ ሳይከፋቸው ነገሩ ካለፈ ጃንጥላ ላስገባ ብላለች። እኛ ቤት እንግዲህ ፑንታው ለመሳል ወረፋ ሲጠብቅ እናቴ ቀድማው ተሳለች። ስለት የጠፋው ከፑንታው እንጂ ከእናቴ አልነበረም።

ሦስተኛውን ማሽን ያገኘነው ፒያሳ፣ በመስታወት የተሠራ መደብር ውስጥ ነው። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ፑንታውን አንቆ የሚይዝ ጉሮሮ ያለው፣ ከጎኑ ደግሞ ቁጥርና መስመር የተጻፈበት ቀለበት ያለው ማሽን ነበር። ቀለበቱን በፑንታው ልክ ያዞራሉ፤ የቀረውን ማሽኑ ራሱ ይጨርሳል። ሻጩ ክራባት ያሰረ፣ የሚናገረውን በቃሉ ያጠና ሰው ነው። ስለ አንግሉ፣ ስለ ዋስትናው፣ ስለ አልማዝ ዱቄቱ ሲነግረን ወንድሜ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። እኔ ግን አቋረጥኩትና፣ ይህን ለማሠራት ዓይን ያስፈልጋል ወይ አልኩት። ሰውየው ሣቀ። በሥራ ዘመኑ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ የሚያውቅ አልመሰለኝም። "እመቤት፣ ይህንን ዕውር እንኳ ይስልበታል" አለኝ። ወንድሜና እኔ ተያየን። የዚያኑ ዕለት ገዛነው።

ማሽኑ የገባ ዕለት ወንድሜ አንሶላ አልብሶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ሠራተኛው ተሰበሰበ፣ እናቴም መጣች። ጋሼ ድንጋያቸው አጠገብ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ወንድሜ ንግግር አደረገ። ስለ ጥራት ተናገረ፤ ስለ ዘመኑ ተናገረ፤ አባታችን ይህን ሳያይ መሞቱ እንዳሳዘነው ተናገረ። እኔ አብቃ እያልኩ በግንባሬ ምልክት እሰጠዋለሁ፤ እሱ ግን ስብሰባ ፊት ቆሞ ያበቃበት ቀን የለም። አንሶላውን ገፈፈው። ሁሉም አጨበጨበ። ጭብጨባው ደስ አሰኘውና መጨረሻ ላይ ምንም ሳያስብ፣ ሻጩ እንዳለን ይህን ማሽን ዕውር እንኳ ይስልበታል ብሎ ጨመረበት።

ጭብጨባው መሐል ላይ ቆመ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ወንድሜ ቃሉን መልሶ ለመዋጥ የፈለገ ይመስል ምራቁን ዋጠ። ያን ያህል ጊዜ ጆሮ ያወጣ ሌባ ሲል የከረመ ሰው፣ ሁሉንም አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ዘረገፈው።

ጋሼ ረጋ ብለው ድምፁ ወደ መጣበት ዞሩ።

"እንግዲያው ዕውር ቅጠሩ" አሉ። ከዚያ የቱታቸውን ቁልፍ ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ መፍታት ጀመሩ።

ይህን ሰው በገዛ እጃችን፣ ያውም እያጨበጨብን፣ ከሥራ ቤታቸው ልናስወጣቸው ነው። አባቴን ዳግመኛ የምቀብረው መሰለኝ። የምለውን ሳላውቅ ወደ ማሽኑ ሄድኩና ጎንበስ ብዬ ቀለበቱን ያዝኩ። ሐሳቤ ቁጥሩ አይታይም ብዬ መዋሸት ነበር። ጎንበስ ስል ግን ቁጥሩ እውነትም አይታይም። ዓይኔን አጠበብኩ፣ ፊቴን አራቅኩ፣ አቀረብኩ፤ ቀለበቱ ላይ ጉንዳን የሄደበት የሚመስል ነገር እንጂ ቁጥር የሚባል የለም። ለውሸት ብዬ ጎንበስ ባልኩበት የራሴን ጉድ አገኘሁ።

ቀና አልኩና፣ ሁሉም እንዲሰማኝ፣ "ይህን ዕውር አይስልበትም፤ እኔም አልስልበትም። ቁጥሩ አይታየኝም" አልኩ።

ወንድሜ ገባው። ለአንዴ እንኳ ፈጥኖ ገባው። ጎንበስ አለና ለእኔም አይታይም አለ፤ የእሱ ዓይን ከርቀት የታክሲ ሰሌዳ የሚያነብ ነው። ከዚያ በያጁ ጎንበስ አለ፣ አይታይም አለ። ቀለም ቀቢው ጎንበስ አለ፣ ኧረ ምንም የለም አለ። እናቴ ከበሩ ሳትነቃነቅ፣ ከዚህ ሆኜ አይታየኝም አለች። ሥራ ቤቱ ሙሉ ዕውር ሆነ። ጋሼ ቁልፋቸውን መፍታት አቁመው ቆዩ። ከዚያ እያዘገሙ መጡና እሳቸውም ጎንበስ አሉ። ብዙ ጊዜ ወሰዱ።

ቀና ብለው፣ የሠራው ሰውዬ ቀለም ሰስቷል አሉ፤ ንፉግ ነው። ከዚያ የላይኛውን ቁልፍ መልሰው ቆለፉ።

"ይህ ማሽን መነጽር ያስፈልገዋል" አልኩ።

በዚያው ሰዓት መንገዱ ላይ አንድ ሱቅ በደረቴ ያልፍ ነበር፤ ማስቲካውንና ማበጠሪያውን፣ የማንበቢያ መነጽሩንም ደረቱ ላይ ደርድሮ። ወንድሜ ሮጦ ጠራውና ቁጥሩን የሚያጎላውን መርጦ ገዛ። መነጽሩ የማሽኑ ንብረት መሆኑ እንዳይዘነጋ በሲባጎ ከማሽኑ እግር ጋር አሰረው። ግድግዳው ላይም ያለ መነጽር በማሽኑ መጠቀም ክልክል ነው ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈበት። ደንብ ደንብ ነውና ሁሉም አደረገው። ዓይናቸው ደህና የሆነ ጎረምሶች ፑንታ ለመሳል መነጽሩን ባደረጉ ቁጥር ጠረጴዛው እየዞረባቸው፣ ሲያወልቁት እየተንገዳገዱ ወደ በር ይወጣሉ። አንዱ አስመልሶታል። ቢሆንም ስለ ጋሼ ሲሉ ማንም አላጉረመረመም።

ጋሼ መጀመሪያ ላይ አልነኩትም። እኔ ሳደርገው ከሩቅ ቆመው ያዩኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔ መነጽሩን ወደድኩት፤ ማሽኑን ግን አልለመድኩትም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጋሼ አንድ ጠዋት መጡ፣ የማሽኑ ደንብ ስለሆነ ነው እንጂ ለእኔስ አያስፈልገኝም ብለው መነጽሩን አጠለቁ። አንድ ፑንታ ሳሉ። አወጡና አዩት፣ አገላበጡት። እንዲህ ከሆነ በእጄ የምስለው አይሻልም ወይ ብለው ወደ ድንጋዩ ተራመዱ። ሲባጎው ያዛቸው።

"ይህች ሲባጎ አጥራለች" አሉኝ።

ቀጠልኩላቸው። በማግሥቱ አሁንም አጥራለች አሉ፤ አሁንም ቀጠልኩ። ሲባጎው በመጨረሻ ከማሽኑ እግር ተነሥቶ፣ በብየዳው ጠረጴዛ ሥር አልፎ፣ ሥራ ቤቱን ከጫፍ ጫፍ አቋርጦ ድንጋዩ ድረስ ደረሰ። ደንበኛ ሲገባ ሲባጎውን እንዲሻገር እናስጠነቅቀዋለን። ማሽኑን ደግሞ አቧራ እንዳይገባበት አንሶላውን መለስንለት። ጋሼ የማሽኑን መነጽር አድርገው በገዛ ድንጋያቸው ይስላሉ። ከትራፓኖው ሥር በሁለቱም ጎን እኩል የሆነ የብረት ልጣጭ እየተጠቀለለ መውጣት ጀመረ። የፉሪውን ሰውዬ በር አምጥተን እንደ አዲስ በሳንለት፤ ተዘጋ። ወንድሜ በየሄደበት ማሽኑ ጥራታችንን እንዴት እንዳሻሻለው ይናገራል፤ ዋሸህ ልለው አልቻልኩም። እናቴ ጃንጥላዋን አስገባች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ድንጋዩ ላይ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ አጠገባቸው የተሳሉትን በየልካቸው እለያለሁ። የጨረሱትን ሊያቀብሉኝ መነጽሩን ሳያወልቁ ዞሩ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ፊቴን አዩ፣ ሻሼ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ስለነበር ፀጉሬን አዩ፣ እንደገና ፊቴን አዩ። በዚያ መነጽር ውስጥ ዓይናቸው ትልቅ ሆኖ፣ ወንዝ እያሻገሩኝ በነበሩበት ጊዜ እንደማስታውሰው ሆኖ ታየኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ሸብተሻል እኮ" አሉኝ።

"ከሸበትኩ ቆየሁ እኮ፣ ጋሼ።"



"ማንም አልነገረኝም" አሉ። ፑንታውን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝና፣ ሲባጎው እንዳይጠልፋቸው በእጃቸው ሰብሰብ አድርገው ይዘው ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ።